ዛንዚባርን ለማየት ስናስብ፦ ከፓስፖርት እስከ ቂብላ



የምረቃ ጊዜ ሲቃረብ በዶርሞቻችን ከማይጠፉ ወሬዎች አንዱ የዛንዚባር ጉዞ ነው። ሕዝቧ አብዛኛው ሙስሊም ነው፣ ሐላል ምግብ ፍለጋ አያስቸግርም፣ ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ ይባላል። የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ጉዞው የሚያምረው ቀድሞ ሲታቀድ ነው። እኛ ከአሊዩ አምባና ከሸዋ ሮቢት አካባቢ የመጣን ተማሪዎች ያጣራነውን በዚህ ጽሑፍ በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ባሕር ለይፋት እንግዳ አይደለም

አሊዩ አምባ ዛሬ ትንሽ ከተማ ብትሆንም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሸዋ ነጋዴዎች ከሐረርና ከታጁራ ወደብ ነጋዴዎች ጋር የሚገናኙባት ትልቅ ገበያ ነበረች። በ1840ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከታጁራ ወደ አንኮበር የመጡት እንግሊዛውያን መንገደኞች ሃሪስና ጆንስተን ስለ ከተማዋ ጽፈዋል። ከዚያም ቀደም ብሎ የይፋቱ ሱልጣን ሰዕደዲን የተገደሉት በዘይላ አቅራቢያ ባለ ደሴት ላይ ነው፤ ደሴቶቹም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ።

ዛንዚባርም የተገነባችው በተመሳሳይ ንግድ ነው። ዑንጉጃና ፔምባ የተባሉት ዋና ደሴቶቿ ከታንዛኒያ የብስ ፊት ለፊት በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ይገኛሉ። የዖማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ በ1840 አካባቢ መቀመጫቸውን ከሙስካት ወደ ዛንዚባር አዛወሩ። በሻያችን ላይ የምንጨምረው ቅርንፉድ ደሴቲቱን አበለጸገ፤ እርሻውን ያለሙት ግን በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። የባሪያ ገበያው በ1873 ተዘጋ፤ በቦታው ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶበት ዛሬም ይጎበኛል። እዚያ ስንቆም በእኛም አካባቢ ገበያዎች ሰው እየተሸጠ ወደ ታጁራ ይወርድ እንደነበር ማስታወስ ይገባናል።

መቼ እንሂድ?

ትልቁ ዝናብ በዛንዚባር ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ይጥላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደረቅና ለዘብ ያለ አየር አለ። ስለዚህ እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን እዚያ በጋ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ዕረፍታችንም ከዚያ ጋር ይገጥማል። ችግሩ ያ ወቅት ቱሪስት የሚበዛበት፣ የማረፊያ ዋጋም የሚወደድበት መሆኑ ነው። በረመዷን የሚሄድ ሰው ምግብ ቤቶች ቀን ቀን ቢዘጉበት አይገረምም፤ ከኢፍጣር በኋላ ያለው የከተማዋ ድምቀት ግን ሌላ ነው።

ወረቀቶች

በመጀመሪያ ፓስፖርት፤ ቢያንስ የ6 ወር ጊዜ የቀረው መሆን አለበት። ቀጥሎ ቪዛ ነው። ደንቡ ስለሚለዋወጥ ቲኬት ከመግዛት በፊት የታንዛኒያን ኤምባሲ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሦስተኛው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ክትባቱ የሚሠራው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አይተውም። አራተኛው የጉዞ መድን ነው። ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ጎብኚ በዛንዚባር የመድን ድርጅት በኩል እንዲገዛ የተደነገገ ሲሆን፣ ዋጋው ሲጀመር 44 ዶላር ነበር። የመመለሻ ቲኬትና የማረፊያ ማረጋገጫ በወረቀት ታትሞ በእጅ ይያዝ።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው በምክንያት ነው። ከሰሜን ሸዋና ከወሎ የሚነሱ ብዙ ወጣቶች ባሕርን የሚያዩት በኦቦክ በኩል፣ በደላላ ጀልባ ወደ የመን ሲሻገሩ ነው፤ ያልተሻገሩም ብዙ ናቸው። ታንዛኒያ ደግሞ ወደ ደቡብ አፍሪካ በሕገ ወጥ መንገድ ለሚሄዱ ኢትዮጵያውያን መተላለፊያ ናት፤ እዚያ ተይዘው የታሰሩ ወንድሞች ብዙ ናቸው። ስለዚህ «በርካሽ ዛንዚባር እወስድሃለሁ፣ ከዚያ ወደፊት የምትሄድበትን እኔ አውቃለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ጉብኝት እያዘጋጀ እንዳልሆነ እንወቅ። ፓስፖርታችንን ለማንም አሳልፈን አንስጥ።

የማይያዙ ነገሮች

አንደኛ፣ ጫት። በይፋት ቆላ ጫት እንደ ተራ ነገር የሚታይ ቢሆንም በታንዛኒያ ሕግ እንደ አደንዛዥ ዕፅ የተከለከለ ነው። «ለአጎቴ ልጅ አድርስልኝ» የሚል ጥቅልም ሳይፈታ አይወሰድ። ሁለተኛ፣ ፌስታል። ታንዛኒያ የፕላስቲክ መያዣዎችን ከሰኔ 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከልክላለች፤ ዕቃችንን በጨርቅ ቦርሳ እናድርግ።

ገንዘቡ

ወጪውን በአምስት እንከፍለዋለን፦ ወረቀትና ክትባት፣ ቲኬት፣ መድንና ቪዛ፣ ማረፊያ፣ ምግብና መጓጓዣ። እያንዳንዱን በብር ከጻፍን በኋላ ላልታሰበ ወጪ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ እንጨምር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ለሁለት ዓመት በብር ብቻ የተጠራቀመ ገንዘብ ሲደርስ ሊያንስ ይችላል። ቪዛው እንደተረጋገጠ ቲኬቱን በብር ቀድሞ መግዛት ከወጪው ትልቁን ክፍል ከምንዛሪ ለውጥ ያድናል።

እቁብ ጥሩ መንገድ ነው። 12 ጓደኛሞች በወር 3,000 ብር ቢጥሉ የአንዱ ዕጣ 36,000 ብር ይሆናል። ነገር ግን ዕጣው በተለያየ ወር ስለሚወጣ አብሮ ለመሄድ አይመችም። አብሮ ለሚሄድ ቡድን ከወለድ ነፃ በሆነ ሂሳብ፣ በሁለት ወይም በሦስት ፈራሚ መቆጠብ ይሻላል። ዕዳ ያለበት ዕዳውን ያስቀድም። ታናሾቹን የሚያስተምር ቤተሰብ ያለው ልጅ ደግሞ እናቱንና አባቱን ሳያማክር አይነሳ። ይህ ጉዞ ሱና እንኳ አይደለም፤ ወላጅን መርዳት ግን ሐቅ ነው።

ሶላትና ቂብላ

ርቀቱ ሩቅ ስለሆነ ቀስር ማድረግ ይፈቀዳል። በሻፊዒ መዝሀብ የመጡበትንና የሚሄዱበትን ቀን ሳይቆጥሩ አራት ቀንና ከዚያ በላይ ለመቀመጥ የነየተ ሰው ሶላቱን ይሞላል፤ በሐነፊ ደግሞ ገደቡ 15 ቀን ነው። ዝርዝሩን ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ።

ቂብላው ደስ የሚል ነው። መካ በ39.8 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ናት። አሊዩ አምባም በዚያው መስመር ላይ ስለምትገኝ እኛ ቆላ ስንሰግድ ፊታችን ወደ ሰሜን ነው። ዛንዚባር በ39.2 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ቂብላዋ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው በአንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። በአባቶቻችን መስጊድ የለመድነው አቅጣጫ ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ ደቡብ ወርደንም አይለወጥብንም።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ፤ እኛ 7 ሰዓት የምንለውን እነሱ «ሳአ ሳባ» ይሉታል። ሳባ ከዐረብኛው ሰብዓ የመጣ ነው፤ መድረሳ የቀራ ሰው ብዙ ቃል ያገኛል። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 10:00 ማለት የእኛ 4 ሰዓት ነው።

ባሕሩን በሂጅሪ መቁጠር

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ምክንያቱ የጨረቃና የፀሐይ ስበት ነው። በጨረቃ ወር መጀመሪያና በ15ኛው ቀን አካባቢ ሁለቱ በአንድ መስመር ስለሚስቡ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 4 ሜትር ይደርሳል። በ7ኛውና በ22ኛው ቀን አካባቢ ግን በጣም ያንሳል። በምሥራቅ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ ላይ፣ ውሃው ሲጎድል በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ይሸሻል፤ ሩቅ የሄደ ሰው ሲመለስ ሊያገኘው ይችላልና ሰዓቱን የአገሬውን ሰው ጠይቆ መግባት ነው። በሰሜን፣ ኑንግዊና ኬንድዋ፣ ለውጡ ብዙም አይታወቅም። ዋና የማያውቅ ከጉልበቱ አይለፍ።

ምን እንይ?

ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበችው ስቶን ታውን በጠባብ መንገዶቿና በተቀረጹ በሮቿ ትታወቃለች፤ ማታ በፎሮዳኒ ከባሕር ዳር የሚጠበስ ዓሣ አለ። በደቡብ ደግሞ የኪዚምካዚ መስጊድ ይገኛል፤ በግድግዳው ላይ በኩፊ ጽሕፈት የተቀረጸው ዘመን 500 ሂጅሪ ነው። ዘጠኝ መቶ ዓመት ባለፈው ሚሕራብ ፊት ሁለት ረከዓ መስገድ ለጉዞው በቂ ምክንያት ነው።

አላህ ያሰብነውን በሐላል ገንዘብና በሰላም ያሳካልን።