ጥንቸል ሥላ እርሻ የገዛችው እንግሊዛዊት

ለመሆኑ የአንድ ሥዕል ዋጋ በምን ይተመናል? በወረቀቱና በቀለሙ ከሆነ ጥቂት ሳንቲም ነው። በሠዓሊው ድካም ከሆነ ደግሞ የጥቂት ቀናት የሙያ ሒሳብ ነው። ገበያው ግን ሦስተኛ ሒሳብ አለው። ይኸውም ሥዕሉን ደጋግሞ የማተም፣ በአሻንጉሊትም ሆነ በግድግዳ ወረቀት የማውጣት መብት በማን እጅ እንዳለ የሚጠይቀው ሒሳብ ነው። ይህን ሒሳብ ከብዙ ነጋዴዎች ቀድማ የተረዳችው የሥዕል ትምህርት ቤት ገብታ የማታውቀው እንግሊዛዊት ቢያትሪክስ ፖተር ነበረች። ትምህርቱን ያገኘችው ግን በነፃ አልነበረም፤ ከስራ ያወቀችው ነው።

ቢያትሪክስ እ.ኤ.አ. በ1866 ለንደን ውስጥ ተወለደች። የቤተሰቧ ሀብት የመጣው ከላንክሻየር የጥጥ ኢንዱስትሪ ነው። በዚያን ዘመን የሀብታም ሴት ልጅ ትምህርት ቤት መላክ የተለመደ ስላልነበረ እቤት ውስጥ በሞግዚት አስተማሪዎች ተማረች። የሥዕል አስጠኚም ለተወሰነ ጊዜ ተቀጥሮላት ነበር። ይሁንና የቅብ ሥዕል ያስተማረቻትን ሴት አሣሣል አልወደደችውም።

እውነተኛ አስተማሪዎቿ እንስሳት ነበሩ። እሷና ወንድሟ ጥንቸል፣ አይጥ፣ ጃርት፣ የሌሊት ወፍና እንሽላሊት እያመጡ በመኝታ ቤታቸው ያሳድጉ ነበር። የሞተ እንስሳ ሲያገኙ ቀቅለው አጥንቱን እየለዩ ይሥሉታል። በኋላ ኮትና ጫማ ያለበሰቻቸው ጥንቸሎች ከልብሱ ሥር እውነተኛ ጥንቸል መስለው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ከሠዓሊዎች መካከል የራንዶልፍ ካልዴኮትን የልጆች መጻሕፍት ሥዕሎች ታደንቅ ነበር። የአባቷ ወዳጅ የነበረው ስመ ጥሩው ሠዓሊ ጆን ኤቨረት ሚሌ ደግሞ መሣል የሚችል ሰው ብዙ እንደሆነ፣ አስተውሎ የማየት ችሎታ ያላቸው ግን እሷና የራሱ ልጅ እንደሆኑ ነግሯት እንደነበር በማስታወሻዋ አስፍራለች።

በማይክሮስኮፕ እየተመለከተች የእንጉዳይ ዓይነቶችንም በጥንቃቄ ሥላለች። ስለ እንጉዳይ አበቃቀል ያዘጋጀችው ጥናት በ1897 ለለንደኑ የሊኒያን ማኅበር ሲቀርብ ግን ሴት በስብሰባው መገኘት ስለማትችል ያቀረበላት ሌላ ሰው ነበር። የሳይንሱ በር እንዲህ ጠበበባት። የገበያው በር ግን ቀደም ብሎ ገርበብ ብሎላት ነበር።

የመጀመሪያው ክፍያ

በ1890 ቤንጃሚን የተባለውን ጥንቸሏን ሞዴል አድርጋ የሠራቻቸውን የካርድ ሥዕሎች አንድ አሳታሚ በ6 ፓውንድ ገዛት። ገንዘቡን ባገኘች ጊዜ መጀመሪያ ያደረገችው ጥንቸሉን መሸለም ነበር። የሚወደውን ፍሬ አንድ ኩባያ ሙሉ ሰጠችው። በማግስቱ ልትሥለው ብትቀመጥ ጥንቸሉ እንደ ሰከረ ሰው አልያዝ አለ። በማስታወሻዋ ላይ ግን ለቤቱ የወጣው ወጪ ቢኖርም ጥንቸሉ ጥሩ ኢንቨስትመንት እንደሆነ መዝግባለች። ገና ወጣት ሳለች ሒሳብ እንዴት እንደምትይዝ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሠራሯ ቀላል ይመስላል እንጂ አድካሚ ነበር። የምትሥለው ነገር ሁሉ በዓይኗ ያየችው መሆን አለበት። ለ«ግሎስተሩ ልብስ ሰፊ» መጽሐፍ ያስፈለጋትን የጥንት ሰደርያ ጥልፍ የሣለችው ሳውዝ ኬንዚንግተን ሙዚየም ሄዳ ነው። ጃርቷ በጭኗ ላይ ስትሆን በሰላም ትተኛላት ነበር፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቁሚ ስትባል ግን ታዛጋና ትናከሳለች። ስለዚህ ልብሱን ለመሣል የጥጥ አሻንጉሊት ሠርታ አለበሰችው። የሰው ፊት መሣል ይከብዳት ነበር፤ ጉልበቷንም በምትችለው ላይ አዋለችው።

ስድስት ጊዜ «አይሆንም»

ፒተር ራቢት የተባለው ጥንቸል የተወለደው በመስከረም 1893 ለአንድ የታመመ የአምስት ዓመት ልጅ በጻፈችው ባለሥዕል ደብዳቤ ነው። ልጁ የቀድሞ አስተማሪዋ ልጅ ነበር። ከዓመታት በኋላ ደብዳቤውን መልሳ ተውሳ መጽሐፍ አደረገችው። ቢያንስ ስድስት አሳታሚዎች አልተቀበሏትም። አንዱ የጸቡ ምክንያት መጠንና ዋጋ ነበር። እነሱ ተለቅ ያለ መጽሐፍ ሲፈልጉ እሷ በሕፃን እጅ የሚያዝ፣ ርካሽ መጽሐፍ ይሁን አለች። ትንንሽ ጥንቸሎች ለአንድ መጽሐፍ 6 ሺልንግ ማውጣት እንደማይችሉ ለአንዲት ልጅ በቀልድ ጽፋላታለች። ቀልዱ ግን የገበያ ጥናት ነበር፤ ገዢዋን ታውቃለች።

በታኅሣሥ 1901 በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች። ወዲያው ስላለቀ በየካቲት 1902 ሌላ 200 ጨመረች። ፍሬደሪክ ዋርን የተባለው አሳታሚ ድርጅት ሥዕሎቹ በቀለም እንዲሆኑ ጠይቆ መጽሐፉን በጥቅምት 1902 አወጣ። የመጀመሪያው 8,000 ቅጂ መጽሐፉ ሳይወጣ በፊት ተሽጦ አለቀ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ 28,000 ቅጂ ታትሟል።

ሁለት ገበያ፣ ሁለት ውጤት

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። አሳታሚው ድርጅት መጽሐፉን አሜሪካ ውስጥ በኮፒራይት አላስመዘገበም። ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካ አሳታሚዎች ያለ ፈቃድ እያተሙ ይሸጡት ጀመር። ከዚያ ሽያጭ ለሠዓሊዋ አንዲት ሳንቲም አልደረሳትም። ገበያው ሰፊ ነበር፤ አጥር ግን አልነበረውም።

ቢያትሪክስ ይህን ዓይነት ክፍተት ለሌላ ሰው አልተወችም። የፒተርን አሻንጉሊት በእጇ ሰፍታ ታኅሣሥ 28 ቀን 1903 ለንደን በሚገኘው የፓተንት ቢሮ አስመዘገበችው። በ1904 በፒተር ታሪክ ላይ የተመሠረተ የጠረጴዛ ጨዋታ ፈለሰፈች። የግድግዳ ወረቀትና ሌሎች ዕቃዎችም ተከተሉ። ዛሬ ከአንድ ገጸ ባሕርይ ስም የሚሸጠው አልባሳትና መጫወቻ ብዙ ነው፤ መንገዱን ከጠረጉት አንዷ እሷ ናት። መንገዱ ሁሉ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ከጀርመን የሚገባው ርካሽ አሻንጉሊት የእንግሊዝን ሠሪዎች ከገበያ ያስወጣ ነበርና በ1910 ምርጫ ወቅት የገቢ ቀረጥ እንዲጣል የሚቀሰቅሱ ፖስተሮችን በእጇ ሠርታለች።

በሥራው መካከል ሐዘን ገባ። በሐምሌ 1905 ከአሳታሚዎቹ ወንድማማቾች አንዱ የሆነው ኖርማን ዋርን ለጋብቻ ጠየቃት፤ እሷም እሺ አለች። ወላጆቿ ግን የራሳቸው ሀብት ከጥጥ መምጣቱን የረሱ ይመስል ሰውየው ነጋዴ በመሆኑ ተቃወሙ። ኖርማን በወሩ በደም ካንሰር ሞተ። በዚያው ዓመት ከመጽሐፍ ባገኘችው ገንዘብና ከአክስቷ በወረሰችው ጥቂት ሀብት ሂል ቶፕ የተባለውን እርሻ በሰሜን እንግሊዝ የሐይቆች አውራጃ ገዛች። የግቢው በር፣ ምድጃውና ዳክዬው ሳይቀሩ በቀጣዮቹ መጻሕፍቷ ውስጥ ገቡ። ንብረቱ ለሥዕሉ፣ ሥዕሉም ለንብረቱ ሠራ ማለት ነው።

ሌላው ፈተና በ1917 መጣ። የድርጅቱ ኃላፊ ሃሮልድ ዋርን የድርጅቱን ገንዘብ ወደ ቤተሰቡ የዓሣ ንግድ ሲያዞር ቆይቶ በሐሰተኛ ሰነድ ተከሶ 18 ወር ተፈረደበት። ከድርጅቱ ትልልቅ ባለገንዘቦች አንዷ ቢያትሪክስ ነበረች። ሒሳቧ በወቅቱ እንደማይደርሳት ቀድማ ስታሳስብ ኖራለች። ሆኖም ድርጅቱን በፍርድ ቤት ከማፍረስ ይልቅ ከመሳቢያዋ የቆዩ ሥዕሎችን አውጥታ በዚያው ዓመት አዲስ መጽሐፍ ሰጠችው። ድርጅቱ ቢወድቅ የመጻሕፍቷ ገበያም አብሮ እንደሚወድቅ ገብቷት ነበር። ድርጅቱም ከውድቀት ዳነ።

ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ ሥዕሉን ቀንሳ ወደ ሄርድዊክ በግ እርባታ አዘነበለች። በታኅሣሥ 1943 ስታርፍ ከ4,000 ኤከር በላይ፣ በእኛ ልኬት 40 ጋሻ ያህል መሬት ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር አወረሰች። በእንግሊዝ የሥዕሎቿ ኮፒራይት ያበቃው ከሞተች 70 ዓመት ሲሞላ በ2013 መጨረሻ ነው።

ለእኛስ?

በእኛ አገር በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ሠዓሊ በሥራው ላይ ያለው መብት የሚጀምረው ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ አንስቶ መሆኑን ይደነግጋል። የንግድ ምልክት ግን ሌላ ነው። በ1998 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 501 መሠረት የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ያላስመዘገበ ነጋዴ የአሜሪካውን ታሪክ ያስታውስ።

ስለዚህ ለእሽጉ፣ ለመደብሩ ወይም ለምርቱ ሥዕል የሚያሠራ ሰው ከሠዓሊው ጋር ሲዋዋል ዋጋውን ብቻ ተነጋግሮ አይለያይ። ሥዕሉ የት የት እንደሚወጣ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚታተምና መብቱ የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ይስፈር። ሠዓሊውም ከመፈረሙ በፊት ያንብበው።