ነገ የሚገዝፈውን ዛሬ መምረጥ

እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ፉትቦል ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ ከኮሌጅ የወጡ ተጫዋቾችን ለክለቦቹ ሲያከፋፍል ከመጀመሪያዎቹ አራት ተመራጮች ሦስቱ አንድ ዓይነት ሥራ ያላቸው ወጣቶች ነበሩ። ታክል ይባላሉ፤ ሥራቸው ኳስ ወርዋሪውን፣ ኳርተርባኩን፣ ሊጥሉት ከሚሮጡ ተከላካዮች መጠበቅ ነው። ከሁሉም ቀድሞ የተጠራው ኤሪክ ፊሸር ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ትልልቆቹ ኮሌጆች ዞር ብለው አላዩትም፤ የተጫወተው ስሙ እምብዛም በማይነሳው በሴንትራል ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው። አራተኛው ሌን ጆንሰን በአንዲት ትንሽ የቴክሳስ ከተማ ሲማር ኳርተርባክ ነበር፤ ታክል የሆነው ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከቦታ ቦታ ሲቀያየር ከቆየ በኋላ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በብዙዎች ይፈለግ የነበረው ሁለተኛው፣ ሉክ ጆኬል ነበር። በሊጉ አምስት የውድድር ዘመን ብቻ ተጫውቶ ከሦስቱ ቀድሞ የወጣውም እሱ ነው።

እንግዲህ የኮሌጅ አሰልጣኞችን እንቅልፍ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ አሥራ ስድስት ዓመት የሆነውን ልጅ አይቶ በሃያ አንድ ዓመቱ ምን እንደሚሆን መናገር ይቻላል? ፈጣን ሯጭን መለየት ቀላል ነው፤ ሰዓት ይዞ ማስሮጥ ይበቃል። እንደ ታክል ያለ የመስመር ተጫዋች ግን ሲመረጥ ሰውነቱ ገና አልተሠራም።

ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። በየቡድኑ አሥራ አንድ ሰው ሜዳ ይገባል። ኳስ ከያዘው ወገን አምስቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ፊት ይሰለፋሉ። መሀል ላይ ሴንተሩ፣ በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ዳርና ዳር ሁለት ታክሎች። በኮሌጅ ጨዋታ መለያቸው ላይ ከ50 እስከ 79 ያለ ቁጥር ይለብሳሉ፤ በዚያ ቁጥር ለብሶ ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ መቀበል በሕጉ አይፈቀድም። ነጥብ አያስቆጥሩም፣ የሮጡት ርቀት አይለካላቸውም። ስለዚህ የአንድን ታክል ችሎታ በቁጥር አስደግፎ መከራከር አስቸጋሪ ነው። ዓይንን ማመን ግድ ይላል፤ ዓይን ደግሞ ይሳሳታል።

የእነዚህ ሰዎች ዋጋ መታወቅ የጀመረው በ1980ዎቹ ነው። ኅዳር 1985 በቴሌቪዥን በቀጥታ በሚተላለፍ የሰኞ ምሽት ጨዋታ ላይ የኒውዮርክ ጃይንትሱ ተከላካይ ሎውረንስ ቴይለር የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ ጆ ታይስማንን ጥሎ እግሩን ሰበረው። ታይስማን ከዚያ ወዲያ አልተጫወተም። ደራሲው ማይክል ሉዊስ በ2006 ባሳተመው «ዘ ብላይንድ ሳይድ» መጽሐፉ የሚነሳው ከዚህች ቅጽበት ነው። በቀኝ እጁ የሚጠቀም ኳርተርባክ ሊወረውር ሲዞር ግራ ጎኑን አያይም፤ ያንን የማያየውን ወገን የሚጠብቅለት ግራ ታክሉ ነው። ክለቦች ለግራ ታክል ገንዘብ ማፍሰስ ሲጀምሩ ኮሌጆችም ተተኪውን ፍለጋ ወደ ትምህርት ቤቶች ወረዱ።

ወርደው ምን ያያሉ? መጀመሪያ ቁመትና ክንድ። ለታክል ከ1 ሜትር ከ93 በላይ የሚረዝም፣ ክንዱም ከ84 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ልጅ ይፈለጋል። ክብደት ሲመጣ ባይኖረውም ግድ የለም፤ በምግብና በብረት ማንሳት ይጨመራል። ክንድን ግን የትኛውም ልምምድ አያስረዝመውም። ሁለት ሰዎች ሲጋጩ መጀመሪያ የሌላውን ደረት የሚነካው ትግሉን ከግማሽ በላይ አሸንፏል። ክንዱ ያጠረ ልጅ ጎበዝ ከሆነ ወደ መሀል ተስቦ ጋርድ ወይም ሴንተር ይደረጋል።

ቀጥሎ ፊልም ይታያል። እዚህ ላይ ነው ብዙ መልማይ የሚታለለው። 136 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 80 ኪሎ የሚመዝን እኩያውን ሜዳ ላይ ሲዘርረው ማየት ያስደስታል፤ የሚነግረን ነገር ግን ትንሽ ነው። በኮሌጅ የሚገጥመው ሰው እሱን የሚያህል፣ ምናልባትም ከእሱ የሚፈጥን ነው። የበሰለ አሰልጣኝ ፊልሙን የሚያየው ልጁ የጣላቸውን ሊቆጥር አይደለም። ልጁ በተሸነፈባቸው ጥቂት ጊዜያት ምን አደረገ? ኳሱ ከእሱ ርቆ ሲሄድ ቆሞ ያያል ወይስ ፊሽካ እስኪነፋ የሚገፋው ሰው ይፈልጋል?

ከሁሉ በላይ የሚታየው ግን መታጠፊያው ነው፤ ልጁ ዝቅ ሲል ጉልበቱን ነው የሚያጥፈው ወይስ ወገቡን? ወገቡን የሚያጥፍ ልጅ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ያደላል፤ ተከላካዩ እጁን ይዞ ሳብ ካደረገው በግንባሩ ይደፋል። ጉልበቱንና ዳሌውን አጥፎ፣ ጀርባውን አቅንቶ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው የሚቆም ልጅ ግን ሲገፉትም አይነቃነቅም። ታክል ኳርተርባኩን ሲጠብቅ ወደ ኋላ እየሸሸ፣ በጎን እየተንሸራተተ፣ እግሮቹን ሳያጣምር፣ ወደ እሱ ከሚበር ሰው ፊት መቅረት አለበት። በዚህ ሁሉ መሀል ጭንቅላቱ ከፍና ዝቅ ካለ ሚዛኑ አብሮ ይናጋል። ጥንካሬ በሁለት ዓመት ይገነባል። እንዲህ የሚታጠፍ ዳሌ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከልጁ ጋር የመጣ ነው፤ በእኔ ግምት ከክንድ ርዝመት ይልቅ ውድ የሆነውም ይህ ነው።

ስለዚህም ጎበዝ መልማይ ከፉትቦል ሜዳ ወጥቶ ልጁን ሌላ ስፖርት ሲጫወት ማየት ይፈልጋል። ቅርጫት ኳስ የእግርን ቅልጥፍና ያጋልጣል። አሎሎና ዲስከስ ውርወራ ከዳሌ የሚወጣ ኃይልን ያሳያሉ። የትግል ስፖርት ደግሞ ሚዛንን፣ የእጅ ብልሃትንና ብቻን ቆሞ መሸነፍን ያስተምራል።

በዚህ ጥበብ ከማንም በላይ የተካነው የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ይመስለኛል። አይዋ በቆሎና አሳማ የሚበዛባት፣ ሕዝቧ ከሦስት ሚሊዮን ብዙም የማይዘል ክፍለ ሀገር ናት። እንደ ቴክሳስና ፍሎሪዳ በየመንደሩ ፈጣን ልጅ አይገኝባትም። ከ1999 ጀምሮ ዋና አሰልጣኝ የሆነው ከርክ ፈረንዝ ራሱ ቀደም ሲል የዚያው ዩኒቨርሲቲ የመስመር አሰልጣኝ ነበር። ሮበርት ጋለሪ ታይት ኤንድ (ከታክሉ ጎን ተሰልፎ ኳስም የሚቀበል ተጫዋች) ሆኖ ገብቶ በ2003 የአገሪቱ ምርጥ የመስመር ሰው የሚሸለመውን አውትላንድ ዋንጫ ወሰደ። በ2014 ይህንኑ ዋንጫ ያገኘው ብራንደን ሸርፍ ሁለተኛ ደረጃ ሳለ ኳርተርባክ ሆኖ የተጫወተበት ጊዜ ነበር። ትሪስታን ዊርፍስ ትግል የሚገጥም፣ አሎሎና ዲስከስ የሚወረውር ልጅ ነበር፤ በ2020 ክለቦች ሲፈትኑት 145 ኪሎ ይዞ ከቆመበት ወደ ላይ 92 ሴንቲ ሜትር ያህል ዘለለ። የጎረቤት ከተማው ልጅ ታይለር ሊንደርባም የመጣው ለተከላካይ መስመር ነበር፤ ወደ ሴንተርነት አዞሩት፣ በ2021 የአገሪቱ ምርጥ ሴንተር ተባለ። ሁለቱ በትምህርት ቤት ዘመናቸው በትግል ተገናኝተው ሊንደርባም ዊርፍስን አሸንፎታል። በዚያች ክፍለ ሀገር መልማይ የትግል አዳራሽ ቢያዘወትር የሚደንቅ አይደለም።

ይህ ሲባል አይዋም ሁሌ ይሳካላታል ማለት አይደለም። ጋለሪ በሊጉ ሁለተኛ ተመራጭ ሆኖ ሄዶ የተጠበቀውን ያህል ታክል መሆን አቅቶት ወደ ጋርድነት ተዛውሯል።

የቤት ጉብኝትም የምዘናው አካል ነው። «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» እንዲሉ፣ መልማዩ ሶፋ ላይ ተቀምጦ እየተጫወተ ዓይኑ የእናትየውን ቁመት፣ የአባትየውን ትከሻ፣ የታላቅ ወንድሙን እግር ይለካል። ልጁ ገና 105 ኪሎ ቢሆንም አጎቶቹ በር የሚሞሉ ከሆኑ ተስፋ አለ። ትምህርት ቤት ሲሄድም አሰልጣኙን ብቻ አያናግርም፤ የሒሳብ መምህሩንና የጽዳት ሠራተኛዋን ጭምር ልጁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይጠይቃል።

ጭንቅላትም ይፈተናል። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ባሉ ጥቂት ሰከንዶች አምስቱ የተከላካዩን አሰላለፍ አንብበው ማን ማንን እንደሚይዝ ይስማማሉ፤ አንዱ ከተሳሳተ የአራቱ ድካም ከንቱ ነው። ለዚህ የበጋ ካምፕ ጥሩ መፈተኛ ነው። አሰልጣኙ ልጁን አንድ ለአንድ ያጋጥመዋል፣ አንድ ስህተት ያርመዋል፣ ወዲያው ይደግምለታል። ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ካልተለየ፣ ልጁ የቱንም ያህል ቢገዝፍ ስሙ ከዝርዝሩ ወደ ታች ይወርዳል።

የተመረጠው ልጅ ወዲያው ሜዳ አይገባም። በ2018 የወጣው ደንብ አንድ ተማሪ በዓመት እስከ አራት ጨዋታ ተሰልፎ ዓመቱ ከመጫወቻ ዘመኑ ሳይቆጠርበት እንዲቆይ ፈቀደ። በዚያ ጊዜ ይበላል፣ ብረት ያነሳል፣ ይተኛል። ድሮ አሰልጣኞች ለዚህ ዓይነት ልጅ ሁለት ሦስት ዓመት ለመታገስ አይቸገሩም ነበር። አሁን ግን ጊዜው ተለውጧል። ከ2021 ወዲህ ተማሪዎች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ ኮሌጅ ቀይረው ዓመት ሳያባክኑ መጫወትም ቻሉ። በ2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ትምህርት ቤቶች ለተጫዋቾች በቀጥታ እንዲከፍሉ በር ከፈተ። ባለጸጋ ኮሌጅ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አሳድጎ ከመጠበቅ ይልቅ ሌላው ያሳደገውን የሃያ ሁለት ዓመት ታክል መሸመት ይቀለዋል። አሳዳጊው ኮሌጅ ተጎጂ ነው፤ በዓይኑ መርጦ፣ ቀልቦ፣ አስተምሮ ለሌላ ያስረክባል።

እኔ ግን ገንዘብ የምርጫን ጥበብ ገደለው የሚለውን አልቀበልም። ምስክሬ አንድ ሽልማት ነው። ጆ ሙር የሚባል የታወቀ የመስመር አሰልጣኝ ነበር፤ ፈረንዝም በልጅነቱ የእሱ ተጫዋች ነበር። በስሙ ከ2015 ጀምሮ የሚሰጠው ሽልማት ለአንድ ሰው ሳይሆን ለምርጥ የማጥቃት መስመር በሙሉ ነው። የ2024ቱን የወሰደው የዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ቡድን፣ አርሚ፣ ነው። ዕጩ መኮንኖቹ በስማቸው ገንዘብ መሰብሰብ አይችሉም፣ አካዳሚው ከዝውውር ገበያ ተጫዋች አይሸምትም፣ ሲመረቁም የጦሩን የክብደት መለኪያ ለማሟላት መክሳት ግዴታቸው ነው። በዚያ ዓመት አርሚ 12 ጨዋታ አሸንፏል።