ኢንሱሊንና ገበያው፦ በአሜሪካ የሕክምና ዋጋን የሚወስነው ማን ነው?

ጤነኛ ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል። ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሕዋሳት እንዲገባ በር የሚከፍት ቁልፍ ነው ማለት ይቻላል። ዓይነት አንድ በተባለው የስኳር በሽታ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳትን ስለሚያጠፋ፣ ታማሚው ሆርሞኑን ከውጭ በመርፌ መውሰድ ይኖርበታል። ካልወሰደ ሕዋሳቱ በስኳር መጠቀም ይሳናቸውና ሰውነት ስብን ማቃጠል ይጀምራል፤ ከዚህ ሂደት የሚገኙት ኪቶን የተባሉ ውሁዶችም ደምን አሲዳማ በማድረግ በአጭር ጊዜ ውስጥ ለሞት ሊያደርሱ ይችላሉ።

ይህ የተፈጥሮ ሕግ በየትኛውም አገር አንድ ነው። ከአገር አገር የሚለያየው መድኃኒቱን ለማግኘት የሚጠየቀው ዋጋ ነው። ለመሆኑ በሳይንስም ሆነ በሀብት ከዓለም ቀዳሚ በሆነችው አሜሪካ፣ አንድ መቶ ዓመት ያለፈው መድኃኒት ለብዙዎች የማይቀመስ ሊሆን የቻለው ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ከቤተ ሙከራው ወጥተን ወደ ገበያውና ወደ ምክር ቤቱ መዝለቅ ያስፈልገናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

በአንድ ዶላር የተሸጠ ግኝት

በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከቆሽት ያወጡት ንጥረ ነገር የስኳር በሽታ ያለባቸውን ውሾች የደም ስኳር እንደሚቀንስ አሳዩ። በ1922 መጀመሪያ ላይ ሌናርድ ቶምሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ የተሰጠው የመጀመሪያው መርፌ በበቂ ሁኔታ ስላልተጣራ የተፈለገውን ውጤት አላስገኘም። ጄምስ ኮሊፕ ንጥረ ነገሩን ካጣራው በኋላ ግን የልጁ የደም ስኳር ወረደ። ተመራማሪዎቹ በ1923 የፈጠራ መብታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ያስተላለፉት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዶላር ብቻ ተቀብለው ነው።

ለብዙ አሥርተ ዓመታት ኢንሱሊን የሚገኘው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነበር። በ1978 የሰው ኢንሱሊን ዘረ መል ወደ ባክቴሪያ ገብቶ ባክቴሪያው ሆርሞኑን እንዲያመርት ማድረግ ተቻለ፤ በ1982ም ምርቱ በአሜሪካ ተፈቀደ። በ1996 ደግሞ ሁማሎግ የተባለው ኢንሱሊን ለገበያ ቀረበ። በዚህ ምርት ውስጥ ላይሲንና ፕሮሊን የተባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች ቦታ እንዲለዋወጡ በመደረጉ መድኃኒቱ ከተወጋ በኋላ በፍጥነት ይሠራል።

ሁማሎግ ሲወጣ የአንዱ ብልቃጥ መነሻ ዋጋ 21 ዶላር ነበር። በ2019 ዋጋው 275 ዶላር ያህል ደርሷል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሞለኪዩሉ አልተለወጠም። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሰላው፣ የዚህን ዓይነት ዘመናዊ ኢንሱሊን ለአንድ ታማሚ ለሙሉ ዓመት በሚበቃ መጠን አምርቶ በተመጣጣኝ ትርፍ ለመሸጥ ከ78 እስከ 133 ዶላር ይበቃል።

ዋጋው ለምን ናረ?

የመጀመሪያው ምክንያት የፍላጎቱ ባሕርይ ነው። የብርቱካን ዋጋ ሲወደድ ሸማቹ ሙዝ ይገዛል። ኢንሱሊን ግን ምትክ የለውም፤ ታማሚው ዋጋው ስለጨመረ መግዛቱን መተው አይችልም። በመሆኑም በኢኮኖሚክስ ትምህርት ዋጋን ያረጋጋል የሚባለው የሸማቹ የመተው ኃይል እዚህ ላይ አይሠራም።

ሁለተኛው የሻጮች ማነስ ነው። ኢላይ ሊሊ፣ ኖቮ ኖርዲስክና ሳኖፊ የተባሉት ሦስት ኩባንያዎች ከዓለም የኢንሱሊን ገበያ እጅግ የሚበዛውን ክፍል ይዘዋል። ኢንሱሊን በሕያው ሕዋስ የሚመረት ፕሮቲን በመሆኑ እንደ አስፕሪን ባለ ቀላል ሞለኪውል መጠን በርካሽ የሚቀዳ አይደለም። መርፌውንና የመውጊያ መሣሪያውን የሚመለከቱ ተጨማሪ የፈጠራ መብቶችም አዲስ ተወዳዳሪ እንዳይገባ አጥር ሆነው ቆይተዋል።

ሦስተኛው በአምራቹና በታማሚው መካከል የቆሙት አገናኞች ናቸው። እነዚህ ድርጅቶች በመድን ኩባንያዎች ስም ከአምራቾች ጋር የሚደራደሩና የትኛው መድኃኒት በመድን እንደሚሸፈን ዝርዝር የሚያወጡ ናቸው። አምራቹ በዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት ከመነሻ ዋጋው ላይ የተወሰነውን በቅናሽ መልክ ይመልስላቸዋል። እንግዲህ መነሻ ዋጋው ከፍ ባለ መጠን ለመመለስ የሚቻለው ገንዘብ ስለሚበዛ፣ ዋጋ ማናሩ ለሁለቱም ወገን የሚበጅ ሆነ። ቅናሹ የማይደርሰውና ሙሉውን ዋጋ የሚከፍለው መድን የሌለው ሰው ነው። መድን ኖሮትም መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ብዙ ገንዘብ ከኪሱ እንዲያወጣ የሚገደደው ታማሚም ዕጣው ተመሳሳይ ነው።

ውጤቱ በታማሚዎች ላይ ታየ። በኮነቲከት ግዛት በአንድ የስኳር ሕክምና ማዕከል የተደረገና በ2019 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከተጠየቁት ታማሚዎች ከአራቱ አንዱ በዋጋው ምክንያት ኢንሱሊኑን ከታዘዘለት መጠን በታች ይወስድ ነበር።

መድን ከሥራ ጋር እንዴት ተቆራኘ?

የዛሬው የአሜሪካ የጤና መድን ሥርዓት አስቀድሞ በተነደፈ ዕቅድ የተገነባ አይደለም። በ1929 በዳላስ ከተማ የሚገኝ የቤይለር ሆስፒታል ለመምህራን በዓመት 6 ዶላር የ21 ቀን የሆስፒታል ሕክምና የሚያስገኝ ውል አቀረበ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን ሲገድብ፣ አሠሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ የጤና መድን መስጠት ጀመሩ። በ1954 የወጣው ሕግ ይህ ጥቅም ከግብር ነፃ መሆኑን ሲያጸና መድንና ሥራ በጽኑ ተሳሰሩ።

ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1945 ለመላው ሕዝብ የሚሆን መድን ቢያቀርቡም፣ የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ሐሳቡን ከሶሻሊዝም ጋር በማያያዝ ብርቱ ዘመቻ ስላካሄደበት ሳይሳካ ቀረ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ ለአረጋውያን ሜዲኬር፣ ለድሆች ደግሞ ሜዲኬይድ ተቋቋሙ። ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል የቀረው ሠራተኛ ከአሠሪው ዕድል ጋር ታስሮ ቀረ። በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲ በመንዳት ወይም አነስተኛ ሱቅ በመክፈት የሚተዳደሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን መድን የሚከፍልላቸው አሠሪ ስለሌላቸው ይህን ክፍተት በሚገባ ያውቁታል።

ሕግ ሲወጣና ሲሻር

በ2003 የአሜሪካ ምክር ቤት ሜዲኬር ለአረጋውያን የመድኃኒት ወጪ እንዲሸፍን ሲወስን፣ በዚያው ሕግ መንግሥት ከመድኃኒት ኩባንያዎች ጋር በዋጋ እንዳይደራደር ከለከለ። ከሁሉም የላቀው ገዥ የመደራደር ኃይሉን በሕግ ተነጠቀ ማለት ነው።

በ2010 የጸደቀው የፕሬዚዳንት ኦባማ የጤና ሕግ መድን ሰጪዎች ቀድሞ የታመመን ሰው እንዳይከለክሉ ደነገገ፤ ሜዲኬይድንም አሰፋ። በ2012 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የማስፋፋቱን ጉዳይ ለየግዛቶቹ ምርጫ ተወው። በዚህም የተነሣ ቴክሳስና ፍሎሪዳን የመሳሰሉ ግዛቶች ሳያስፋፉ ቀሩ፤ አንድ ድሃ ሠራተኛ መድን ማግኘት አለማግኘቱም የግዛት ድንበር ጉዳይ ሆነ። ያም ሆኖ በ2010 ከመቶ 16 ያህል የነበረው መድን የሌለው ሕዝብ በ2023 ወደ ከመቶ 8 ገደማ ወርዷል።

የኢንሱሊን ነገርም በዚሁ መንገድ ተጓዘ። በ2022 የወጣ ሕግ በሜዲኬር ለታቀፉ ሰዎች ወርኃዊ ክፍያው ከ35 ዶላር እንዳያልፍ ወሰነ፤ መንግሥትም በተወሰኑ መድኃኒቶች ዋጋ እንዲደራደር ፈቀደ። ይህንኑ ጣሪያ በግል መድን ለተሸፈኑት ለማዳረስ የቀረበው ሐሳብ ግን በሴኔቱ 57 ድምፅ ቢያገኝም የሚያስፈልገው 60 ስለነበር ወደቀ። በ2023 ሦስቱ ኩባንያዎች የዋና ዋና ምርቶቻቸውን ዋጋ ከመቶ 70 እና ከዚያም በላይ እንደሚቀንሱ አስታወቁ። ከምክንያቶቹ አንዱ በ2021 የወጣ ሕግ ነው፤ በእርሱ መሠረት ከ2024 ጀምሮ ዋጋውን ያለቅጥ ያናረ ኩባንያ ለሜዲኬይድ ከመድኃኒቱ ዋጋ የሚበልጥ ገንዘብ ሊመልስ ይችል ነበር። ዋጋ ማናር አክሳሪ ሲሆን ዋጋው ወረደ።

ሕግ የሰጠውን ግን ሕግ ሊወስደው ይችላል። በ2025 የጸደቀ ሌላ ሕግ የሜዲኬይድን ወጪ ቀንሷል። የምክር ቤቱ የበጀት ጽሕፈት ቤት እንደገመተው፣ በዚህ ሕግ ምክንያት እስከ 2034 ድረስ 10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድን ያጣሉ።

ከላይ ከተዘረዘረው የምንረዳው፣ አንድ ግኝት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ታማሚው ዘንድ እስኪደርስ ሁለተኛ ጉዞ እንደሚጠብቀው ነው። አሜሪካ በ2023 ለጤና 4.9 ትሪሊዮን ዶላር ያህል፣ ማለትም ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርቷ ከመቶ 17.6 አውጥታለች። ስለሆነም ችግሩ የገንዘብ ወይም የዕውቀት እጥረት ነው ለማለት አይቻልም። ባንቲንግና ባልደረቦቹ መብታቸውን በአንድ ዶላር ሲያስረክቡ መድኃኒቱ ለሁሉም ይደርሳል ብለው ነበር። ነገ መድኃኒት ለመቀመም ወይም ሕግ ለማርቀቅ የሚዘጋጅ ተማሪ፣ በመካከል ያለውን ይህን መንገድ እንደ ኬሚስትሪው ሁሉ በጥንቃቄ ሊያጠናው ይገባል።