የሕፃናት ሐኪም የልጅ ጠበቃ ነው

የሰው አእምሮ እንደ መልኩ ልዩ ልዩ ነው። ሕፃን ግን ስለ ራሱ መናገር አይችልምና፥ ይልቁንም ኦቲዝም ላለበት ልጅ፥ ሐኪሙ አፍ ሊሆንለት ይገባል። የሐኪም ቃል ያቈስላል፤ ደግሞም ይፈውሳል።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. ባሜሪካ አገር ሐኪሙ ሌዎ ካነር የ11 ልጆችን ጠባይ መርምረው ስለ ኦቲዝም ጻፉ። ነገር ግን ከወላጆቹ መካከል ፍቅራቸው የሞቀ ጥቂቶች ናቸው ብለው ስለ ነበረ፥ ከዚያ ወዲህ ብዙ እናቶች በልጃቸው ሁኔታ ጥፋተኞች እየተባሉ በሐዘን ኖሩ። ካነርም በ1969 ዓ.ም. በወላጆች ጉባኤ ፊት ቆመው ወላጆች ከዚህ ወቀሳ ነጻ መሆናቸውን ተናገሩ። ዛሬም ነገሩ ከአእምሮ አፈጣጠርና ዕድገት የሚመጣ እንጂ የእናት ጥፋት አለመሆኑ ታውቋል።

በአገራችንም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፥ በዚሁ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንዲህ ላሉት ልጆች ማእከል አቋቁመዋል።

እንግዲህ ሐኪሞቻችን፥ ያሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እንደሚመክረው ልጅን በ18 እና በ24 ወሩ መርምረው፥ እናቲቱን «ጥፋት የለብሽም» ብለው ቢያጽናኑ፥ ልጁም በሚስማማው መንገድ እንዲማር ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ቢጽፉለት፥ ከመድኃኒት የማያንስ ሥራ ሠሩ እንላለን።