ይገባል፣ ይዞራል፣ ግን አያስነሣም

የድሮ ስፖርት መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ኮፈኑን አስከፍቶ ሞተሩን ያዳምጣል፤ ዘይት ያፈስ እንደሆነ ከሥር አጎንብሶ ያያል፤ ቀለሙ ላይ ጣቱን እየሰደደ የተጠገነ ቦታ ይፈልጋል። ቁልፉን ግን ተቀብሎ ኪሱ ይከተዋል እንጂ አያየውም። የእኔ እንጀራ ያለው እዚያ ቸልታ ውስጥ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ማሽኔን በቫን ጭኜ እየዞርኩ የመኪና ቁልፍ እቀርጻለሁ። የዛሬው ቁልፍ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ የጥንቱ ማሽን፣ ሞረድና ዓይን ይበቃዋል። ሰውን የሚያደናግረው የመሃል ዘመኑ ነው፤ በተለይ የ1980ዎቹ ኮርቬት።

ጋሼ የምላቸው ደንበኛ አሉኝ። ዕድሜያቸውን ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ለራሳቸው ቀይ የ1987 ሸቭሮሌት ኮርቬት ገዙ። መኪናው የመጣው ለሞተር አንድ፣ ለበር አንድ ቁልፍ ይዞ ነው። መጠባበቂያ ይኑረኝ ብለው ከአንድ ዕቃ መደብር የሞተሩን ቁልፍ አስቀረጹና ሞከሩት።

«ይገባል፣ ይዞራል፤ መኪናው ግን ክርር እንኳ አይልም» አሉኝ በስልክ። «ወዲያው በዋናው ሞከርኩት፣ እሱንም እንቢ አለኝ። ተስፋ ቆርጬ ቡና ጠጥቼ ስመለስ ተነሣ። ይሄ ነገር ሰይጣን አለበት እንዴ፣ አንቺ?»

«ሰይጣን የለበትም ጋሼ። አዲሱ ቁልፍ ላይ የጎደለ ነገር አለ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች መሪው ዘንግ ላይ ያለው መቆለፊያ በቀላሉ ይሰበር ስለነበር ኮርቬት የሌባ ዓይን አረፈበት። ኩባንያው በ1986 ሞዴል ኮርቬት ላይ ቫትስ የተባለ ጸረ ስርቆት ዘዴ ጀመረ፤ ኋላም ካማሮንና ፋየርበርድን በመሳሰሉት ላይ አስገባው። የሞተሩን ቁልፍ ብረት ብታዩት መሃሉ ላይ ትንሽ ጥቁር ፍሬ ተቀርቅሮበታል። ፍሬው ሬዚስተር ነው፤ የኤሌክትሪክን ፍሰት በተወሰነ መጠን ይገታል፤ መጠኑም በኦም ይለካል። ቁልፉ ሲገባ መቆለፊያው ውስጥ ያሉ ሁለት መንኪያዎች ፍሬውን ግራና ቀኝ ይነኩታል፤ መኪናው ውስጥ የተደበቀች ሣጥን ትለካዋለች። ልኩ ከገጠመ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ነዳጅም ይረጫል። ካልገጠመ ሁለቱም ይዘጋሉ። ይባስ ብሎ ሣጥኗ ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ያህል ትክክለኛውን ቁልፍም አትቀበልም። ጋሼን ቡና ያስጠጣቸው ይህ ቅጣት ነው። መደብሩ የሠራላቸው ቁልፍ ጥርሱ ልክ ነው፤ ፍሬ ግን የለውም።

ቤታቸው ስደርስ መጀመሪያ የጠየቅኋቸው መንጃ ፈቃድና የመኪናውን የባለቤትነት ወረቀት ነው።

«እኔን ነው? አንቺ ልጅ!»

«እርስዎን ነው፣ ጋሼ። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ የእርስዎን መኪና ቁልፍ ቅረጪልኝ ቢለኝስ?»

ሳቁና አመጡ። ወረቀት የማይጠይቅ ቁልፍ ቀራጭ ካጋጠማችሁ ጊዜ ቆጠበልን ብላችሁ ደስ አይበላችሁ።

ከዚያ ወደ ልኬቱ ገባን። የፍሬውን ሁለት ጎን በጨርቅ ጠርጌ የቴስተሩን ጫፎች አስነካሁ፤ ንባቡ 1,130 ኦም አካባቢ ቆመ። የቫትስ መጠኖች 15 ብቻ ናቸው፤ ትንሹ 402፣ ትልቁ 11,800 ኦም። የጋሼ አምስተኛው ነው። ተመሳሳይ ፍሬ ያለውን ያልተቀረጸ ቁልፍ ከቫኑ አወጣሁ። ግማሹ ሥራ አለቀ፤ ከባዱ ግን ሌላው ግማሽ ነው።

የዚህ ቁልፍ ብረት 6 ጥርስ አለው፤ እያንዳንዱ ጥርስ ከ5 ጥልቀቶች በአንዱ ይቆረጣል፤ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከ35 ዓመት በላይ ሲገባና ሲወጣ የኖረ ቁልፍ ከዚያች ስስ ልዩነት ላይ ተሸርሽሯል። ተራው የመቅረጫ ማሽን ደግሞ ታማኝ ነው፤ ያየውን ሁሉ፣ ሽርሽሩንም ጭምር ይገለብጣል። ፎቶ ኮፒ በፎቶ ኮፒ ላይ ሲደገም ፊደሉ እንደሚደበዝዘው፣ ቁልፍም ከቅጂ ቅጂ ሲወጣ ጥርሱ ይደበዝዛል። መቆለፊያው እልክ ሲይዝ ባለቤቱ ቁልፉን በጉልበት ያዞራል፤ ቀጥሎ የሚሰበረው ቁልፉ ነው።

ስለዚህ የጋሼን ቁልፍ አልገለበጥኩትም። ጥርሶቹን አንድ በአንድ በካሊፐር ለካሁ። ልኩ በሁለት ጥልቀቶች መካከል ሲወድቅ ጥልቀቱ ያነሰውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ያረጀ ቁልፍ ብረት ያጣል እንጂ አይጨምርም። ስድስቱን ቁጥሮች ጽፌ አዲሱን በቁጥር ቀረጽኩት። ራሱ ክብ የሆነው የበሩ ቁልፍ ፍሬ ስለሌለው ብዙም አላስቸገረም። ጋሼ አዲሱን ሲያዞሩት ሞተሩ ወዲያው ተነሣ።

አንዳንዴ ግን ፍጹም ትክክል የሆነ ቁልፍም አያስነሣም፤ ዳሽቦርዱ ላይ የደኅንነት መብራት ይበራል። ከመቆለፊያው ተነሥተው በመሪው ዘንግ ውስጥ የሚወርዱ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ቁልፉ በዞረ ቁጥር እየታጠፉ ከዓመታት በኋላ ይበጠሳሉ። ብዙ ባለቤቶች ያኔ ተመሳሳይ ኦም ያለው ሬዚስተር በሳንቲም ገዝተው ሽቦው ላይ ይበይዳሉ። ይሠራል፤ ግን ከዚያ ወዲያ መኪናው ማንኛውንም ጥርሱ የገጠመ ብረት ይቀበላል። እኔ ሽቦው ቢቀየር እመርጣለሁ።

ሁሉም ቁልፍ ከጠፋ ሥራው ሌላ ነው። መቆለፊያው ተፈትቶ ጥርሱ ይነበባል፤ የፍሬው መጠን ካልታወቀ 15ቱን እየቀያየሩ መሞከር ነው። በያንዳንዱ ስህተት 4 ደቂቃ ብትጠብቁ፣ ለመጠበቅ ብቻ ወደ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ሻጭ ኩባንያው ይነግረኛል ብላችሁም አትተማመኑ፤ ይህን ያህል ያረጀ መኪና የቁልፍ መዝገብ ላይገኝ ይችላል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

በእርግጥ ሁሉም የድሮ ስፖርት መኪና እንዲህ አያስቸግርም። የ1990ዎቹ መጀመሪያ ማዝዳ ሚያታ ቁልፉ ተራ ብረት ነው። የ2005ቱ ኮርቬት በተቃራኒው ኪስ ውስጥ ባለ ሪሞት በአዝራር ይነሣል፤ እሱን መተካት የፕሮግራም ሥራ ነው። ቫትስ መሃል ላይ ነው፤ ሌባውን ሊያስቸግር ተፈጥሮ ዛሬ በብዛት የሚያስቸግረው ባለቤቱን ነው። ያም ሆኖ እወደዋለሁ። ምስጢሩ ስድስት የጥርስ ቁጥርና አንድ የኦም ቁጥር ነው፤ ቴስተርና ካሊፐር ያለው ሰው የማንንም ኮምፒውተር ፈቃድ ሳይለምን ያገኘዋል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ መኪና ስትገዙ የሞተሩም የበሩም ቁልፍ ሁለት ሁለት እንዳለው ጠይቁ፤ ሁሉንም አስገብታችሁ አዙሩ። አንድ ብቻ ከሆነ ከዋጋው አስቀንሱ፤ በቀነሳችሁት ገንዘብ በዚያው ሳምንት አስቀርጹ። ቁጥሮቹን ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር ቤት አስቀምጡ፤ መኪናው ውስጥ ግን በጭራሽ። ያረጀውን ዋና ቁልፍ አሳርፉትና በአዲሱ ንዱ። ሰው በአብዛኛው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ አዲሱን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ያረጀው እስኪሰበር ይነዳበታል።