ሕጉ ሲገለበጥ ሒሳቡ እንዳይገለበጥ

10 − 4 − 3 ስንት ነው? ከግራ ጀምሮ ለሚቀንስ 3 ነው። 4 − 3ን አስቀድሞ አስልቶ ውጤቱን ከ10 ለሚቀንስ ግን 9 ይሆናል። የትኛው ከየትኛው ጋር ቀድሞ እንደሚጣመር የሚወስነው የፕሮግራሚንግ ቋንቋው ሰዋስው ነው።

የመቀነስ ሕግ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ ስሌት ማለት ወይ ቁጥር ነው፣ ወይ ደግሞ ስሌት፣ የመቀነስ ምልክትና ቁጥር ተከታትለው ሲመጡ ነው። ሕጉ ራሱን በግራ በኩል ስለሚጠራ 10 − 4 እንደ አንድ ስሌት ይያዝና 3 ከእሱ ይቀነሳል። ትርጉሙ እንከን የለውም። ችግሩ ያለው ኮዱን የሚያነበው ፓርሰር ዘንድ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚሠራ ፓርሰር ስሌትን ለማንበብ መጀመሪያ ስሌት ማንበብ አለበት፤ ያንንም ለማንበብ እንደገና ስሌት። አንድ ቁጥር እንኳ ሳያነብ ራሱን ሲጠራ ሲጠራ ሜሞሪው ያልቃል።

ታዲያ ሕጉን ብንገለብጠውስ? ቁጥር፣ የመቀነስ ምልክት፣ ከዚያ ስሌት። ፓርሰሩ አሁን ያለ ችግር ይሠራል። የሚቀበላቸው ጽሑፎችም ከበፊቱ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። መልሱ ግን 9 ሆኖ አረፈው! ሁለት ሰዋስዎች የሚቀበሉት ጽሑፍ አንድ ስለሆነ ብቻ «እኩል ናቸው» ብሎ ማለፍ፣ በእኔ እይታ፣ ለጀማሪ ወጥመድ መቆፈር ነው።

የፕሮግራሚንግ ቋንቋው ፓይተን እስከ 3.8 እትሙ ድረስ ይህን ችግር ያለፈው በድግግሞሽ ነበር፦ አንድ ቁጥር፣ ከዚያ ምልክትና ቁጥር የፈለገውን ያህል ጊዜ። እንዲህ ያለው ሕግ ማን ከማን ጋር እንደሚጣመር አይናገርም፤ በግራ በኩል የማቧደኑ ሥራ ከፓርሰሩ ቀጥሎ ለሚመጣው ኮድ ተተወ።

በ2020 የወጣው ፓይተን 3.9፣ የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም ከሠሩት አንዱ የሆነበትን አዲስ ፓርሰር ይዞ መጣ። በእሱ ሰዋስው መቀነስ ራሱን በግራ በሚጠራው ሕግ ተጽፏል። ማለቂያ የሌለው ጥሪስ? ፓርሰሩ የመጀመሪያውን የግራ ጥሪ «አልተሳካም» ብሎ ይጀምራል፤ ስለዚህ 10ን ብቻ ያገኛል። ያንን መዝግቦ ሕጉን እንደገና ሲሞክር የግራውን ስሌት ከመዝገቡ ያነሳና 10 − 4 ይደርሳል፤ በሦስተኛው 10 − 4 − 3። ሌላ ሙከራ ከዚህ የረዘመ ነገር ካልሰጠው ያቆማል።