በአንድ ተቃውሞ፣ በአብላጫ ድምፅ

መርካቶ ብርድ ልብስ ገዝቼ ሒሳብ ስከፍል፣ ሬዲዮው የተወካዮች ምክር ቤትን ውሎ ማውራት ጀመረ። ባለሱቁ ድምፁን ቀነስ አደረጉና፣ "ከዚህ ሰፈር አንድ ሰው ልከን ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ምን ምን እንደተናገረልን የት ሄጄ ላንብብ?" አሉኝ። ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም።

ሰውየው አቶ ግርማ ሰይፉ ናቸው። በግንቦት 2002 ምርጫ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ሲወስዱ፣ እሳቸው መድረክ በተባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት ስም መርካቶን ይዘው ገቡ። ከአዲስ አበባ 23 ወንበሮች ለተቃዋሚ የደረሰችው ይህቺው አንዷ ነበረች።

ከዚያ በፊት የነበረው ምክር ቤት ሌላ መልክ ነበረው። በ1997 ከተቃዋሚዎቹ ቅንጅት ብቻውን 109 መቀመጫ አሸንፎ ነበር። ብዙዎቹ ተመራጮች አንገባም ቢሉም፣ መሪዎቹም ቢታሰሩ፣ ከየፓርቲው የገቡት አዳራሹን አሙቀውታል። አንጋፋው የባንክ ሰው አቶ ቡልቻ ደመቅሳ፣ ዶ/ር መረራ ጉዲና፣ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጋር ፊት ለፊት ተሟግተዋል። የ1997ቱ ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር ግን ተሰናባቹ ምክር ቤት ደንቡን ለውጦ ሄደ፤ 20 አባላት አጀንዳ ማስያዝ መቻላቸው ቀርቶ ከግማሽ በላይ አባላት ድጋፍ ግድ ሆነ። ደንቡ ኋላ ቢሻሻልም፣ ብቻውን ለገባ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ እጅ አውጥቶ ከመናገርና ከመቃወም የዘለለ አቅም የለውም።

አቶ ግርማ እጃቸውን አወጡ። በዚያ ዘመን ዜናው "በአንድ ተቃውሞ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ" ሲል፣ ያ "አንድ" ማን እንደሆነ አገር ያውቅ ነበር።

"የመረጥኩት ያሸንፋል ብዬ አይደለም" አሉኝ ባለሱቁ። "ዕቁብ እንኳ 'ቆይ እስቲ፣ ሒሳቡን አሳዩኝ' የሚል ሰው ከሌለው ይበላል። ካሜራው ቶሎ ዞር ይልበታል እንጂ እጁ ሲወጣ አይተናል። ያወጣው የእኛን እጅ ነው።"

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 አንድ የምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም ይላል። ንግግሩ ይህን ያህል ጥበቃ ካስፈለገው፣ መዝገቡም ለሕዝብ መቅረብ ይገባዋል። ጉዳዩ ይመለከታቸዋል የተባሉ አንድ ኃላፊ ግን ቃለ ጉባኤዎቹን ስጠይቃቸው "በደብዳቤ አምጣ" አሉኝ። ደብዳቤውን ወሰድኩ፤ መልስ የለም።

በጥር 2007 ምርጫ ቦርድ የአቶ ግርማን ፓርቲ፣ የአንድነትን፣ አመራር ለሌላ ቡድን ሰጠ። በግንቦቱ ምርጫ ተቃዋሚ አንድም ወንበር አላገኘም። በ2013 ከተቃዋሚዎች አብን 5፣ ኢዜማ 4 መቀመጫ ይዘው ገቡ።

ምክር ቤቱ የእያንዳንዱን አባል ንግግርና ድምፅ በስሙ ለይቶ ያሳትም። መራጭ የላከው ሰው ምን እንደተናገረለት ሳያነብ ዳግም ድምፅ እንዲሰጥ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም።